ወፏ ከጎጆዋ ካልተነሳች ተመችቷታል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ደሴ ነው የምኖረው። አራት ጓደኛሞች በየሳምንቱ መጨረሻ ወፍ ለማየትና ፎቶ ለማንሳት እንወጣለን። ብዙ ጊዜ ሐይቅና አርድቦ እንሄዳለን፤ አንዳንዴም ጨፋ እንወርዳለን። በኅዳር መጨረሻ ወደ ላሊበላ ስንሄድ አንድ እረኛ ልጅ ገደል ውስጥ ያለ የአጥንት ሰባሪ አሞራ ጎጆ አሳየን። 200 ብር ሰጠነው። አፋፉ ላይ በደረታችን ተኝተን፣ በግምት ከ50 ሜትር ርቀት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አነሳናት። ታቅፋ ነበር፤ ንቅንቅ አላለችም። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ከነቦታው ለቀቅነው። ከመካከላችን አንዷ ‹ይሄ ነውር ነው፣ አጥፉት› ብላ ተጣላችን። ሌላው ‹አልነካናትም፣ አልበረረችም፣ ፈረንጆቹም ሲያደርጉት አይተናል› ይላል። ማን ነው ልክ? ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለን፤ ስንት ሜትር ብንርቅ ይበቃል? ልጁ ሌላ ጎጆ አገኘሁ ብሎ ደውሏል። እንሂድ ወይስ እንተው?»

ምላሽ፦ ልክ ጓደኛችሁ ናት። ፎቶው ዛሬውኑ ከቴሌግራም ይውረድ። ወደዚያ ገደል እስከ ግንቦት መጨረሻ አትመለሱ። ልጁ ወዳገኘው ሁለተኛ ጎጆም አትሂዱ። ምክንያቱን ግን ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ምክንያቱ ካልገባችሁ ነገ ሐይቅ ዳር ሌላ ወፍ ስታገኙ ያው ክርክር ይነሳል።

ከዋናው ስህተት ልጀምር። «አልበረረችም፤ ስለዚህ አልረበሽናትም» የሚለው ሐሳብ ብዙ ፎቶ አንሺ የሚጽናናበት ነው። ትክክል ግን አይደለም። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ቤቱ የነበረችው ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። አጠገቧ ብትቆሙ ላባዋን ትነፋለች፣ ዓይኗን ከእናንተ አትነቅልም፣ ታጉረመርማለች። አትነሳም ግን። ይሄን አይቶ «ተመችቷታል» የሚል ሰው የለም። እንቁላሏን ጥላ መሄድ ስለማትፈልግ ነው። የዱር ወፍም እንዲሁ ናት። ልዩነቱ፣ የዱሯ ወፍ ቁጣዋን ብዙ ጊዜ አታሳይም። መደበቂያዋ አለመንቀሳቀስ ስለሆነ ድርቅ ብላ ድንጋዩን ትመስላለች።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች የታቀፉ ፔንግዊኖችን የልብ ምት ለክተዋል። ሰው ሲቀርብ ወፏ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ የልብ ምቷ ይጨምራል። ከውጭ ስትታይ የተረጋጋች ናት፤ ውስጧ ሌላ ነው። ስለዚህ እናንተ አንድ ሰዓት ሙሉ ያያችሁት መረጋጋት ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃትም ሊሆን ይችላል። በሌንስ መለየት አትችሉም። መለየት ካልቻላችሁ ደግሞ ለራሳችሁ በሚመቸው በኩል መተርጎም የለባችሁም።

ለምን እንደማትነሳ ለማወቅ እንቁላሉን መረዳት ያስፈልጋል። ውስጡ ያለው ሽል በደንብ የሚያድገው 37 እና 38 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ሲቆይ ሽሉ ይሞታል። አሁን የነበራችሁበትን ቦታ አስቡ። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ የሚጥልበት አገር ነው። እዚያ ወፏ ከጎጆዋ ተነስታ ትንሽ ከቆየች እንቁላሉ ቀዘቀዘ ማለት ነው።

ወደ ጨፋ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚገድለው ፀሐዩ ነው። ሜዳ ላይ እንቁላል የምትጥል ወፍ በቀትር የምትቆመው እንቁላሉን ለማሞቅ አይደለም፤ ጥላ ልትሆነው ነው። እናንተ ስትቀርቡ እሷ ትነሳለች፤ ጥላውም አብሯት ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ጥሩ ብርሃን ፍለጋ ሌላ ሃያ ደቂቃ ትቆያላችሁ።

ከብርዱም ከፀሐዩም የሚፈጥን ሌላ ነገር አለ። ቁራ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ያ ትልቁ የደጋ ቁራ ሰው የሚሄድበትን ይከታተላል። ሰው ካለ ፍርፋሪ አለ። ወፍ ከጎጆዋ ስትነሳ ደግሞ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ታች ሜዳው ላይ ጭልፊቱ፣ ሌሊት ደግሞ ሽለምጥማጡ አሉ። ሽለምጥማጥና ውሻ እናንተን ማየት አያስፈልጋቸውም። የረገጣችሁት ሣርና ያጠፋችሁት ቅጠል መንገዱን ያሳያቸዋል። ይሄን ነጥብ በደንብ ያዙት፤ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ጎጆ የሚያነሳ ሰው «እኔ አንድም ቀን ጉዳት አላየሁም» ሲል እውነቱን የሚሆነው። እቤቱ ገብቶ ፎቶ እየመረጠ እያለ የሆነውን ከየት ያያል?

ያነሳችኋት ወፍ ዓይነትም ነገሩን ያከብደዋል። አጥንት ሰባሪ በዓመት አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ሁለት ቢፈለፈሉም የሚያድገው አንድ ብቻ ነው። ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ይታቀፋሉ። ከዚያ ጫጩቱ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር አራት ወር ገደማ ይፈጃል። ለመራባት ለመድረስ ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ይሄ እንደ ድንቢጥ «ዘንድሮ ቢበላሽ በሚቀጥለው ወር ይደገማል» የሚባል አይደለም። አንድ እንቁላል ጠፋ ማለት ዓመቱ ጠፋ ማለት ነው። ይሄ አሞራ በአፍሪካ ትልቁ መጠጊያው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። በደቡብ የሚገኘው በሌሴቶና በደቡብ አፍሪካ ተራሮች ያለው ጥቂት ነው። የወሎ ገደል ለዚህ ወፍ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ከዚህ ተረዱ። እስከ ግንቦት አትመለሱ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። በኅዳር የታቀፈች ወፍ ጫጩቷ የሚወጣው ወደ ግንቦት ነው።

በዚያው አገር ገደል ላይ በቡድን የሚቀመጥ ሌላ ጥንብ አንሳ አለ። ላባው ጫፍ ጫፉ ነጣ ያለ፣ አንገቱ ረዘም ያለ። የሩፔል ጥንብ አንሳ ይባላል። እሱማ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ነው። እንቁላሉ አንድ ብቻ ነው። እንደዚህ ያለ ገደል ካገኛችሁ አንዷን ስታስደነግጡ ሁሉም ሊነሱ እንደሚችሉ እወቁ።

«አልነካናትም» የሚለውስ? እዚህ ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነገር አለ። ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ የሰው ሽታ ስለሚሸታት ትጥለዋለች ይባላል። እንደዚያ አይደለም። አብዛኞቹ ወፎች ጫጩታቸውን የሚለዩት በማሽተት አይደለም። ከጎጆ የወደቀ ላባ ያላወጣ ጫጩት ብታገኙ አንስታችሁ ብትመልሱት እናቱ አትጥለውም። ግን ከዚህ ተነስቶ «ካልነካን ምንም የለም» ማለት ሌላ ስህተት ነው። ጎጆዋን እንድትተው የሚያደርጋት የእጅ ሽታ ሳይሆን የሰው መመላለስ ነው። አንድ ወፍ ጎጆ ስትሠራና እንቁላል መጣል ስትጀምር ገና ብዙ አላወጣችበትም። በዚያን ጊዜ ከተረበሸች ጥላው መሄድ ይቀላታል። ሳምንታት ከታቀፈች በኋላ ግን ትታገሳለች። ሌላው ክፉ ጊዜ መጨረሻው ነው። ለመብረር ጥቂት ቀን የቀረው ጫጩት ሰው ሲቀርበው ዘሎ ይወጣል። ክንፉ አልጠናም፤ መሬት ላይ ይቀራል። ገደል ላይ ከሆነማ መሬቱ ሩቅ ነው። «ትልልቅ ሆነዋል፣ አሁን እንኳ ችግር የለውም» ተብሎ የሚቀረበው በዚህ ሰዓት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ወደ ፈረንጆቹ ልምጣ። እናንተ ያያችኋቸው ሰዎች በአገራቸው እንደዚያ ለማድረግ ፈቃድ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ የዱር እንስሳት ሕግ አለ። በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የገቡ ወፎችን ጎጆ ላይ ሳሉ አውቆ መረበሽ ወንጀል ነው። ለፎቶ ወደ ጎጆ መጠጋት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣል። ቅጣቱ እስከ እስራት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ቱሪስት ላሊበላ መጥቶ በአገሩ የማይሞክረውን ቢያደርግ ለእናንተ ምስክር ሊሆን አይገባም። አስጎብኚው ዝም ያለው ደግሞ ሥራው ስለሆነ ነው።

ድሮ የጎጆ ፎቶ የተለመደ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን መሣሪያው ነበር። ካሜራው ከባድ፣ ሌንሱ አጭር፣ ፊልሙ ቀርፋፋ ነበር። ወፍ ደግሞ ተመልሳ እንደምትመጣ የሚታወቅበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ጎጆዋ። እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆስኪንግ የዘመኑ ስመ ጥር የወፍ ፎቶ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የጉጉት ጎጆ አጠገብ ጉጉቷ በጥፍሯ መታው፤ ግራ ዓይኑን አጣ። ያኔ ሌላ መንገድ ጠባብ ነበር። ዛሬ ባለ 600 ሌንስ ይዛችሁ፣ በሴኮንድ ሃያ ፎቶ በሚያነሳ ካሜራ፣ የምትበር ወፍ ዓይኗን እየተከተለ የሚያጠራ መሣሪያ እያላችሁ ያ ምክንያት የለም። ጎጆ ላይ የተቀመጠች ወፍ አሁን ከሁሉም ቀላሏ ፎቶ ናት።

«ስንት ሜትር?» ላላችሁት ለሁሉም ወፍ የሚሆን ቁጥር የለም። ቁጥር ብሰጣችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ወፏን ማየት ታቆማላችሁ። ግን መነሻ የሚሆናችሁ ነገር አለ። በስኮትላንድ ለወርቃማው ንስር ጎጆ የሚመከረው ርቀት ከ750 ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። እኔም ገደል ላይ ለሚፈለፍሉ ንስርና ጥንብ አንሳዎች ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች መቅረብን አልመክርም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ እናንተ የመረጣችሁት ነው፤ ከላይ መምጣት። የገደል ወፍ ከታች ሸለቆው ውስጥ የሚሄድ ገበሬና ከብት ለምዳለች። ከአናቷ ላይ ድንገት ብቅ የሚል ጭንቅላት ግን አደጋ ነው። በደረት መተኛታችሁም አይረዳም። አድፍጦ የሚቀርብ ነገር አውሬ ነው የሚመስላት። በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ በባለ 600 ሌንስ ጥሩ ፎቶ አይወጣም። ፀሐይ ሞቅ ካለች አየሩ ይርገበገባል፤ ወፏ ነጥብ ትሆናለች። አዎ፣ እንደዚያ ነው። ስለዚህ የዚህ ወፍ የጎጆ ፎቶ አይኖራችሁም ማለት ነው። እሱን መቀበል ይኖርባችኋል።

ለትንንሾቹ ወፎች ርቀቱን የምትነግራችሁ ወፏ ናት። ምግብ በአፏ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ከቆመችና ወደ ጎጆዋ ካልገባች፣ የከለከላት የእናንተ መኖር ነው። ወዲያው ተመለሱ። ሳታቋርጥ አንድ ዓይነት ስለታም ድምፅ ካሰማችም እንዲሁ ነው። ሜዳ ላይ አንዷ ክንፏን እየጎተተች እንደተሰበረች ሆና ከፊታችሁ ብትሮጥ፣ ከጎጆዋ ልታርቃችሁ እያታለለቻችሁ ነው። እንቁላሉ እግራችሁ ሥር ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ካሜራ አይወጣም። የመጣችሁበትን ዱካ እየረገጣችሁ ውጡ። ወደ ጎን አትጠምዘዙ።

ሐይቅ ዳር አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ዓሣ አዳኟ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ንብ በሎቹም፣ ጎጆ የሚሠሩት ውኃ የቆረጠው የአፈር ዳርቻ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ነው። ከፊት ለፊት ቀዳዳ ብቻ ነው የሚታየው። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል። ከላይ ያለው ሣር ላይ የሚቆም ሰው ጣሪያቸው ላይ ነው የቆመው። አፈሩ ልል ከሆነ ይደረመሳል፤ ጫጩቶቹ ይቀበራሉ። አንድም ወፍ ሳትበር፣ ማንም ሳያውቅ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ዳርቻው ላይ ቀዳዳ ካያችሁ ከላይ በኩል አትሂዱ። ጀልባ ካላችሁ ከውኃው በኩል በሩቅ ማየት ይሻላል።

ታዲያ ጎጆ የሚባል ነገር ፈጽሞ አይነሳ ወይ? እንደዚያ አልልም። ከሰው ጋር ለመኖር ራሳቸው የመረጡ ወፎች አሉ። ሆቴል ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ግራር ላይ በደርዘን ጎጆ የሚያንጠለጥሉትን ቢጫ ሸማኔ ወፎች ውሰዱ። ከሥራቸው ባጃጅ እየጮኸ፣ ሰው እየተመላለሰ ነው የሚሠሩት። መንገዱ ላይ ሆናችሁ፣ ሰው ሁሉ በሚቆምበት ቦታ ቆማችሁ ብታነሱ ምንም አልጨመራችሁባቸውም። ደግሞ ከጫጩቱ ይልቅ ሥራው ነው የሚያምረው። ወንዱ ሣር እየሰነጠቀ ይጠልፋል፣ ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። መጥታ ገብታ ታያለች። ካልወደደችው ጥላው ትሄዳለች፤ ጎጆው ካረጀበት አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። በክረምት አንድ ጠዋት ለዚህ ብትሰጡ ከአንድ የተቀመጠ አሞራ የበለጠ ፎቶ ታገኛላችሁ። ላሊበላ ላይ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ድንጋዩ ውስጥ የሚያድሩት አንገታቸው ነጭ የሆነው ርግቦችም እንደዚሁ ናቸው። ሰው የሚሄድበት መንገድ ላይ ሆናችሁ የምታዩት ከሆነ ይሁን። መንገዱን ለቃችሁ መውጣት፣ መሰላል መደገፍ፣ ቅርንጫፍ መግፋት ግን አይፈቀድም።

ቅርንጫፍ መግፋት ስል፣ ጎጆውን የሸፈነውን ቅጠል «ለብርሃን» ብሎ መመልመል ከሁሉም አስቀያሚው ልማድ ነው። ያ ቅጠል የተመረጠው ከፀሐይና ከጭልፊት እንዲሸፍን ነው። የወፍ ድምፅ ከስልክ ማጫወትም በመራቢያ ጊዜ አይሆንም። ወንዱ ባላንጣ መጣ ብሎ ምግብ ማምጣቱን ትቶ ሲዋጋ ይውላል። ሌሊት ጎጆ ላይ ፍላሽ አይበራም። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ማስነሳቱ ራሱ ክልክል ነው። ፈቃድ ቢኖራችሁም ወደ ገደል ጎጆ አታስጠጉት። እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ድሮን የባሕር ወፎች በሚፈለፍሉበት ደሴት ላይ ወደቀ። በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች እንቁላላቸውን ጥለው ሄዱ። አልተመለሱም።

አሁን ወደ ልጁ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ 200 ብሩ ነው። ለእናንተ የአንድ ምሳ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ለእረኛ ልጅ ግን ብዙ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎጆ ዋጋ ያለው ነገር ሆነ። አሁን ልጁ በየገደሉ ይፈልጋል። ጓደኞቹም ሰምተዋል። አንድ ጎጆ ሲያገኝ ደግሞ አለመጥፋቱን ለማረጋገጥ በየቀኑ ይሄዳል። ወፏ እንድትታይ ድንጋይ የሚወረውርም ይኖራል። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ እንግዳው ቶሎ አይቶ ቶሎ እንዲከፍል ነው። ነገ ደግሞ ጫጩቱን በእጁ ይዞ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል። እናንተ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ተመለሳችሁ፤ ልጁ ግን እዚያው ነው። ገደሉም ገደል ነው። አንድ ልጅ ለ200 ብር አፋፍ ላይ ቢንሸራተት ምን ልትሉ ነው?

ስለዚህ ደውሉለት። ዝም አትበሉት፤ ዝም ካላችሁት ለሌላ ሰው ያሳያል። ለጎጆ ከእንግዲህ እንደማትከፍሉ በግልጽ ንገሩት። ምክንያቱንም ንገሩት። የገጠር ልጅ ስለ ታቀፈች ዶሮ ከእናንተ የበለጠ ያውቃልና በአንድ ቃል ይገባዋል። ከዚያ ለሌላ ነገር ክፈሉት። አሞራዎቹ ጠዋት ጠዋት የት በኩል እንደሚያልፉ፣ አጥንት የሚጥሉበት ድንጋይ የቱ እንደሆነ እሱ ያውቃል። እዚያ ይውሰዳችሁ። ከተቻለ ከአባቱ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተነጋገሩና ክፍያው ለቤተሰቡ ይሁን። ትምህርት በሚኖርበት ቀን አትጥሩት።

አጥንት የሚጥሉበት ድንጋይ ያልኩት ቀልድ አይደለም። ይሄ አሞራ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው። ትልቅ አጥንት ይዞ ይወጣና ከከፍታ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ደግሞ ይደግማል። ወርዶ ቅልጥሙን ይበላል። የሚጥለው አዘውትሮ አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ቦታውን ያወቀ ሰው ከሩቅ ተቀምጦ መጠበቅ ይችላል። የወሎ ደጋ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ነው። በዋድላና በደላንታ በኩል አምባው በድንገት ይቆረጥና ሸለቆ ይሆናል። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳል። አሞራዎቹም በዚያ አየር ላይ ሆነው በአፋፉ ልክ ያልፋሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ጎጆ ከሌለበት አፋፍ ላይ ብትቀመጡ በዓይናችሁ ትይዩ፣ አንዳንዴም ከእናንተ በታች ያልፋሉ። ጀርባው፣ ጺሙ፣ ቀዩ የዓይኑ ክብ ሁሉ ይታያል። በ600 ሌንስ ከበቂ በላይ ነው። መምረጡንም ለወፏ ትተውላታላችሁ፤ ከፈለገች ትቀርባለች፣ ካልፈለገች ትርቃለች።

ስለ ልብስ አንድ ነገር። የውጭ አገር ምክር ሁሉ ወታደራዊ መልክ ያለው ቅጠልያ ልብስ ልበሱ፣ መረብ ከልሉ ይላል። እኛ አገር ይሄን አታድርጉ። ረጅም ጥቁር ሌንስ ይዞ፣ ቅጠልያ ለብሶ ጫካ ውስጥ ያደፈጠ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። ተራ ቡኒ ወይም አመድማ ልብስ ይበቃል። ወደ ቦታው ስትደርሱ መጀመሪያ ቀበሌውን ወይም የሰፈሩን ሽማግሌ አናግሩ። የቤተ ክርስቲያን ደን ወይም የወልይ መቃብር ያለበት ዛፍ ከሆነ ቄስ ገበዙን ወይም ሼሁን አስፈቅዱ። በወሎ ብዙ አሮጌ ዛፍ የተረፈው በእነሱ ነውና ጉጉቱም እርኩሙም እዚያ ነው ያለው። ቦረና ሳይንት ወረሂመኑን የመሰለ ፓርክ ከሆነ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ተመዝገቡ። ወፍ በሕጋችንም የዱር እንስሳ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ይመለከተዋል። ያለ ፈቃድ መያዝና ማደን ክልክል ነው። ልጆች ጫጩት ይዘው ሲሸጡ ካያችሁም ይሄን አስቡ፤ «ለማዳን» ብላችሁ አትግዙ። ስትገዙ ነገ ሌላ ይይዛሉ።

የቴሌግራሙን ነገር ልጨርስ። ፎቶውን ማውረድ ብቻ ሳይሆን የቦታውን ስም የጻፋችሁበትን መልእክትም አጥፉ። ያጋሩትን ሰዎች እንዲያወርዱ ለምኑ። ብዙ ፎቶ አንሺ የማያውቀው ነገር፣ ካሜራውና ስልኩ ቦታውን ፎቶው ውስጥ ሊመዘግቡት ይችላሉ። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይሄ መረጃ ይወጣል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። ከመላካችሁ በፊት ጂፒኤሱን አጥፉ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኢበርድ የተባለው የወፍ መመዝገቢያም ለአደጋ የተጋለጡ ወፎችን ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ ይደብቃል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ። «ሰሜን ወሎ» ማለት ይበቃል። ከጀርባ የሚታወቅ ቋጥኝ ወይም ቤተ ክርስቲያን ካለ ስም ባትጽፉም የአገሩ ሰው ያውቀዋል፤ እሱንም ተመልከቱ።

ያገኛችሁት ነገር ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አጥንት ሰባሪ በኅዳር መጨረሻ ታቅፋ እንደነበር ማወቅ ለጥናት ይጠቅማል። ቀኑን፣ ከፍታውን፣ ገደሉ የሚያይበትን አቅጣጫ ጻፉና እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ላለው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ስጡ። በአደባባይ ሳይሆን ለእነሱ ብቻ። በመጋቢትም በሚያዝያም ከሸለቆው ማዶ፣ ከሩቅ፣ በርቀት መነጽር አንድ ጊዜ አይታችሁ ጫጩት መኖሩን ብትመዘግቡ ጥሩ ነው። ለዚያ ካሜራ አያስፈልግም።

ለአራታችሁ የሚሆን ደንብ ካስፈለገ ይሄን ያዙ። ጎጆ ፍለጋ አንወጣም። ጎጆ ለሚያሳየን አንከፍልም። ሳናስበው ጎጆ ላይ ብንደርስ ሳንቆም እንወጣለን። ሰው በሚሄድበት መንገድ ላይ ሆነን፣ ወፏ ሥራዋን ሳታቋርጥ ካየን ጥቂት አንስተን እንሄዳለን፤ ጫጩቶቹ ወጥተው እስኪሄዱም ፎቶውን አንለቅም። የተጣላችሁትን ጓደኛችሁን ደግሞ መልሷት። ከመካከላችሁ ወፏን በትክክል ያየቻት እሷ ናት፤ በሚቀጥለው ጉዞ «በቃ፣ እንመለስ» የማለት ሥልጣን ለእሷ ይሰጣት።